ቁጥር 214 ብየዳ

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና ናት። ትናንት ስትደውዪ «አባትሽ ወጣ ብሏል» ያለችሽ እኔ በዓይኔ ጠቅሻት ነው፤ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ብይዘው እጮህብሽ ነበር።

ሥራ አቁሜያለሁ። በደህና ቋንቋ ስናገረው ነው እንጂ፣ ተባርሬያለሁ።

የኃይል ማመንጫው ግንባታ እያለቀ ነው። ሰዉም ፋብሪካውም በዝቶ መብራት አልዳረስ ስላለ፣ አለቆቹ በሙሉ «ጋዙ መቼ ይገባል?» እያሉ አናታችን ላይ ቆመው ከረሙ። ሰኞ ቧንቧው ውስጥ ይለቀቃል። እኔም «እኛ የበየድነውን ቧንቧ በራጅ ፎቶ ውስጡን የምታየው የኔ ልጅ ናት» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ነው የከረምኩት።

ፎቶው ላይ የበያጁ ስም የለም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው። 17 የማን እንደሆነ ግን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከቱታዬ ደረት ላይ በጣትሽ እየነካካሽ ነው ያደግሽው። ሁለት ብየዳዎቼን ጣልሻቸው። አልተቀየምኩም። ዓይኔ እያስቸገረኝ ነው፤ እሳቱን ሳይ መስመሩ ሁለት ይሆንብኛል። ሦስተኛ የወደቀበት በያጅ እንደሚባረር ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

214ን ስበይድ እጄ ነግሮኛል፤ ከሥር አልያዘም። እዚያው ፎርማኑን ጠርቼ «ይቆረጥ» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ልጄ ታየዋለች፣ ትጥለዋለች፣ እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ፎቶው ተመልሶ መጣ። «አልፏል» ይላል፤ ከሥሩ ያንቺ ፊርማ።

ምን ነካሽ? አላየሁም እንዳትዪኝ። እንኳን ይህንን፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አታመልጥሽም። ለአባቴ አዝኜ ነው ትዪኝ ይሆናል። ማን እዘኚልኝ አለሽ? እዚያ ቧንቧ ሥር እኮ ሰው አለ! ቀለም ቀቢዎቹ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ጥላ ውስጥ ነው፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩብሽ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት እኔ መሆኔ ሲገባኝ ደግሞ ባሰብኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ፎርማኑ ቢሮ ገባሁ።

«214 ይቆረጥ» አልኩት።

«ጋሼ፣ አልፏል እኮ። የገዛ ልጅዎ አይደለች እንዴ ያሳለፈችው?»

«እሷ ያየችው የ211ን፣ የደህናውን ብየዳ ፎቶ ነው። ፎቶ ሲነሳ የ214ን ቁጥር እሱ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ከወንበሩ ተነሳ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንቱ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም።

«አንተ አጭበርባሪ» አለኝ፤ «ውጣልኝ!»

ከሰዓት በኋላ ቆረጡት። ውስጡ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው አሉ። አንቺ የፈረምሽበትን እውነተኛውን የ214 ፎቶ ቀድሜ ከመዝገብ ቤት አውጥቼ አቃጥዬዋለሁ፤ እናንተ ጋ ቅጂ እንደማይቀር አንቺው ነግረሽኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ በእጄ ላይ ክፉ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ዛሬ መሣሪያዬን ላወጣ ስሄድ የበሩ ጥበቃ ቦርሳዬን ዘርግፎ ፈተሸኝ። ጓደኞቼ ቆመው ያያሉ። ለእናትሽ ዓይኔ ደክሞ ተውኩት ብያታለሁ።

ይቅር አላልኩሽም፣ ልዋሽሽ አልችልም። ጊዜ ይፈልጋል። ግን አንቺ ያንን ወንበር ካጣሽ እኔ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሰሞኑን ጠርተው ይጠይቁሻል። ያየሁት ፎቶ ንጹሕ ነበር በይ። ደብዳቤውን አንብበሽ ቅደጂው። ከእንግዲህ የማንም ይሁን የማን፣ የተበላሸውን ጣዪ።

ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ ጨካኝ ልብም ይስጥሽ። ስለ እኔ ሲያነሱብሽ እንዳታለቅሺ። አታሎኛል በያቸው፣ አባት አይደለም በያቸው። አደራሽን፣ ሳታመነቺ።

አባትሽ