የታችኛው በረንዳ ወይራ

ውድ ስትራቲስ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርህ። በረንዳችን ላይ ያለችው ወይራ የአባትህ ወይራ አይደለችም። የአባትህ ወይራ ሞታለች፤ የገደልኳትም እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ብድግ አልኩ። ወጥቼ የተተከለችበትን ቆርቆሮ ወደ ፀሐይ አዞርኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ወጥቼ እንደነበረች አደረግኳት። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ነገ ማለዳ እህትህ ሚርሲኒ ከደሴቱ በመርከብ ትገባለች። የምትመጣው እኔን ልትጠይቅ አይደለም። ቢላዋዋን ይዛ ከዛፋችን ቅርንጫፍ ልትቆርጥ ነው።

ይህን ሳታይ ማለፍህ ደግ ሆነ፤ ባለፈው ነሐሴ የአባትህ የወይራ እርሻ ተቃጠለ። አንድም ዛፍ አልተረፈም። አሁን ከጉቶዎቹ ሥር ቀንበጥ እየወጣ ነው፤ ግን ሁሉም የዱር ነው። የአባትህን አሠራር ታውቀዋለህ፤ ሥሩ የዱር ወይራ፣ ከላይ የተጣበቀው የደጉ ዛፍ ቅርንጫፍ። እሳቱ ደጉን በላና የዱሩን ተወው። ሚርሲኒ በስልክ ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ጮኸች።

"ፎቲኒ! ለሠርጋችሁ ያመጣኋት ዛፍ አለች አይደል? የአባታችን ዘር የቀረው እኮ አንቺ በረንዳ ላይ ብቻ ነው!"

"አለች" አልኳት። ምን ልበል? ስንት ዓመት ሙሉ አለች ስል ኖሬያለሁ።

ከእኛዋ ቆርጣ በዚያ ሁሉ ጉቶ ላይ ብታጣብቅ ዱርን በዱር ላይ መትከሏ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ፍሬ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ እንደገና ለመጀመር ሚርሲኒ ዕድሜ የላትም።

የሠርጋችንን ቀን ታስታውሰዋለህ? ነጭ በተቀባ የዘይት ቆርቆሮ ተክላ፣ ቂጡን በምስማር በሳስታ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋት ገባች። እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ "ስሚ ሙሽሪት፣ ውኃ አታብዢባት። ከሥሯ ሳህን አታድርጊ። በረደ ብለሽም ቤት እንዳታስገቢያት፤ ወይራ ብርዷን ትፈልጋለች" አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ "የከተማ ልጅ እኮ ናት! ምድጃ ዳር አስቀምጣ ካልሲ ታለብሳታለች!" ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አንተም ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልረሳሁትም።

በረዶ የጣለበት ክረምት አንተ ባሕር ላይ ነበርክ። ቅጠሎቿ በረዶ ተሸክመው ሲጎብጡ በመስኮት እያየሁ አላስችል አለኝ። አስገባኋት። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ወለሉ እንዳይበላሽ ከሥሯ ሳህን አደረግሁ፤ ደርቃ እንዳትሞትብኝ አጠጣኋት። በሙቀቱ ተታልላ አቆጠቆጠች። ሚርሲኒ መጥታ ባየች ብዬ ኮራሁ። በረዶው ሲቀልጥ አወጣኋት፤ ውርጩ ግን ተመልሶ መጣና ያን ለጋ ቅጠል ሁሉ አቃጠለው። ሥሯም በሳህኑ ውኃ ሲበሰብስ ከርሞ ነበር። ጸደይ ሲገባ ግንዷን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ውስጡ ቡናማ ነው።

ኋላ ከአፈሩ ጥግ አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ አለ። በደስታ አለቀስኩ። ነፍስ ዘራች ብዬ የደረቀውን ቆርጬ ጣልኩ፤ ወደ ትልቅ ቆርቆሮም አዛወርኳት። ስትመለስ፣ "እንዴት አምሮባታል!" ብለህ መጀመሪያ እሷን ሳምክ፣ ቀጥለህ እኔን።

ንባብ ለብቻዬ የተማርኩት ደብዳቤዎችህን ጎረቤት እንዳያነብብኝ ነበር። ከደብዳቤህ በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ለመደብኝ። ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ ዛፍ የሚያወራ መጽሐፍ ተዋስኩ፤ እዚያ ውስጥ አገኘሁት። ከተጣበቀበት በታች የሚወጣ ቀንበጥ የዱሩ ነው፣ ቶሎ ይቆረጥ ይላል። መጽሐፉን በዚያው ቀን መለስኩ። ማንበብ ባልችል ኖሮ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነበርኩ።

ብነግርህ አትቆጣም ነበር። ትስቃለህ። ከዚያ ለሚርሲኒ ትጽፍላታለህ፤ እሷም ለመንደሩ። እኔ የፈራሁት ያን ካልሲ ነው።

ግን ፍሬ ልትበላ ትፈልግ ነበር። የእኛዋ የምታፈራው ደግሞ ሽምብራ የምታህል ነገር ናት፤ ፍሬ ሳይሆን ድንጋይ። እኔም ከእኛ በታች ወዳለችው ወደ እትዬ ኤቭዶኪያ ወረድኩ። ከበረዶው በፊት አንተ የእኛን ዛፍ ስትገርዝ ወፍራም ቁራጭ ወድቆባት፣ "ስትራቲስ! ልትፈነክተኝ ነው?" ስትል አልነበር? ያን የደጉን ዛፍ ቁራጭ ለባቄላዋ መደገፊያ ሰክታው ነበር። ባቄላው ደረቀ፤ እንጨቱ በቀለ። ከላይ ሆኜ ሲያድግ አየው ነበር። በየመኸሩ ለሆዴ መድኃኒት ነው እያልኩ ፍሬውን እለምናት ነበር።

"አንቺ ሴት፣ የራስሽ ዛፍ እያለልሽ? የራስሽን ለሙዚየም ነው የምታስቀምጪው?"

በጨው ውኃ ዘፍዝፌ አቀርብልህ ነበር። ዘሩን እየመጠጥክ፣ "ይሄ ነው የአባቴ!" ትላለህ። እውነትህን ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወይራ አንዲት ፍሬ እንኳ መዋጥ አቃተኝ።

ትናንት እንደገና ወረድኩ።

"እትዬ ኤቭዶኪያ፣ ከወይራሽ ቅርንጫፍ ብንቆርጥ ይከፋሻል?"

"እነማን?"

"እኔና የስትራቲስ እህት።"

"የላይኛዋ ምን ሆነች?"

አንጋጣ የእኛን በረንዳ አየች። "ቅጠሏ ጠባብ ነው እኮ፤ የኔን አትመስልም። እኔ ደግሞ ሲለያዩ የታመመችው የኔ መስላኝ ነበር!" አለችና፣ "ቁረጡ። ግን ፍሬዋን እያረገፈች የተሰጣ ልብሴን የምታጠቁረዋን ቅርንጫፍ አስቀድሙ።"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያቁነጠንጠኛል። ሚርሲኒ ሳትደርስ ወርጄ ብቆርጥና፣ ከእኛዋ የቆረጥኩት ነው ብዬ ብሰጣትስ? እርሻው ይድናል። እኔም እድናለሁ። መቀሱን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለቴም መለስኩት። እሷ ግን ቆርጣ ብቻ አትሄድም፤ አውቃታለሁ። በረንዳው ላይ ወጥታ ግንዷን ትዳብሳለች፤ አባቷን እንደምታናግር ሆና ታናግራታለች። ያን የዱር እንጨት ስታቅፍ አጠገቧ ቆሜ ማየት አልችልም።

እነዚህን ገጾች መቃብርህ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር ላኖራቸው ነበር የጀመርኳቸው። አንተ ግን አትቆጣኝም፤ አትስቅብኝም። ስለዚህ ነገ ወደብ ወርጄ እጠብቃታለሁ። ቢላዋዋን ከእጇ እቀበላትና ይህን እሰጣታለሁ። እዚያው ቆማ ታንብበው። ብትስቅም ትሳቅ። ከዚያ በኋላ ካናገረችኝ፣ ደረጃውን አብረን እንወጣና እኛ በር ሳንደርስ አንድ ፎቅ ሲቀረን፣ እትዬ ኤቭዶኪያ በር ላይ እንቆማለን።

ፖስታው ላይ ያንተን ስም ጽፌ ነበር። ሰርዤ "ለሚርሲኒ" አልኩት።

ያንተው ፎቲኒ