ለእድር ያመለከተችው ዐቃቤ ሕግ

ሰኞ፣ ሰኔ 6

አንድ ሰው ተቃወመ። አንድ ሰው ብቻ። ግን በእድሩ ደንብ አንድም ሰው ቢሆን ከተቃወመ አዲስ አመልካች ጉባኤ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት። የደወሉልኝ ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ናቸው። እንዴት እንደሚነግሩኝ ጨንቋቸው መጀመሪያ ስለ ጉንፋኔ ጠየቁኝ፣ ቀጥለው ስለ ዝናቡ አወሩ። በመጨረሻ "ምንም አይደል አስቴር፤ አገር ቤት ዐቃቤ ሕግ ነበረች የሚል ነገር ተነስቶ ነው" አሉ።

ማን እንደተቃወመ ሳይነግሩኝ አወቅኩ። ክፍሌ ነው። እዚህ ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ፣ እኔ ሻንጣ በምፈትሽበት ተርሚናል መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ይገፋል። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ የሰጠኝ ሰላምታ ሁሉ ከአንገት በላይ ነው። ካንቲን ውስጥ በአጠገቡ ሳልፍ ስልኩን ያወጣል።

እኔ ደግሞ እድሩን የፈለግኩት ለወሬ አይደለም። ባለፈው ዊንተር እዚሁ አርችዌይ፣ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ትኖር የነበረች ያገራችን ሰው ሞተች። ዘመድ የላትም፣ እድር የላትም። ካውንስሉ፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት መሆኑ ነው፣ ቀበራት። የቆምነው እኔ፣ የሕንፃው ጠባቂ እና አንዲት ከካውንስል የተላከች ልጅ ነበርን። ፍታት እንኳ አላገኘችም። እኔም ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለችኝ እህት ሐዋሳ ናት፣ ለእሷ ቪዛ ማን ይሰጣታል? ብሞት የሚታወቀው ሽታዬ ሲወጣ ነው። ይኼው ነው እውነቱ፤ እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እቀርባለሁ። ዕድሜ ልኬን ከሳሽ ሆኜ ኖሬ አሁን በተከሳሽ ወገን። መጀመሪያ ሳቄ መጣ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ኦፍ ነኝ። ልብስ አጠብኩ፣ ምስር ጣድኩ፣ የእሑዱን ንግግር ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ጋሽ ታደሰ "ሥራው ምን እንደሆነ አስረጃቸው፤ ሰዉ እኮ ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ አንድ ይመስለዋል" ብለውኛል።

ማስረዳት ሲሉኝ ማሳጠር አላውቅበትም። ከጥንት ጀመርኩ። ድሮ መንግሥት ከሳሽ አልነበረውም። በሬው የተሰረቀበት ሰው ራሱ ሌባውን ይዞ፣ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ትልቅ ሰው ዳኛ አድርገው ይካሰሱ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በፍርድ ሚኒስቴር ሥር በሕዝብ ስም የሚከስ ዐቃቤ ሕግ ተደራጀ። በደርግ መጨረሻ ቢሮው ራሱን ችሎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተባለ። ደርግ ሲወድቅ የደርግን ባለሥልጣናት የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ እኛ ሌሎቻችን ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ገባን። ሰሞኑን ደግሞ በሬዲዮ እንደሰማሁት ሚኒስቴሩ ቀርቶ እንደገና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል። ታፔላ ጻፊው በልቶ አደረ።

የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መክሰስ ብቻ ሥራ አይምሰላችሁ፣ ማስረጃ የሌለውን ፋይል መዝጋትም ሥራችሁ ነው ይሉን ነበር። ይህንንም ጻፍኩት። ደስ አለኝ፤ ሳልደብቀው፣ ያን ሥራ እወደው ነበር። ቀጥዬ እኔ የያዝኳቸውን ዘረዘርኩ፦ ሌብነት፣ ደረቅ ቼክ፣ የነፍስ ግድያ። የዘጠና ሰባት ምርጫ ፋይሎች በእጄ አላለፉም። በሌላ ክፍል ነው የተያዙት፤ ኮሪደሩ ግን አንድ ነው። ክፍሌን ያስቀየመው የዚያ ምርጫ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ለእሱ ይህ ልዩነት ምኑ ነው? እኔም እሱ ብሆን ምኔም አይደለም።

ጮክ ብዬ ሳነበው የክስ ማመልከቻ መሰለ። ለመቀበር ይህን ሁሉ ታሪክ! ምስሩ አርሮ ጠበቀኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት ሥራ ልገባ ስል ጋሽ ታደሰ ደወሉ። የክፍሌ እናት ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ አርፈዋል። መርዶው ነገ ሲነጋጋ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እቤቱ ይነገረዋል። ሚስቱ ሰምታለች፣ እሷ ትችለዋለች። ችግሩ ዛሬ ነው። ሥራ ላይ እያለ ስልክ ማውጣት ስለማይፈቀድለት የሚያሰጋው የብሬክ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ፌስቡክ ከከፈተ አለቀ። "ካንቺ በቀር አጠገቡ የሚደርስ ሰው የለንም። ስልኩን እንዳይነካ አድርጊልኝ። ማታ እኔ ራሴ በመኪና መጥቼ እወስደዋለሁ" አሉኝ።

እኔን? እውነት ደበቁ ብዬ ስንቱን ምስክር ያፋጠጥኩትን ሴት? ሌላ ሰው ቢሆን ሃያ ዓይነት ቀልድ ፈጥሮ ያዝናናዋል። እኔ ቀልድ አልችልም። ሰውን እንዴት እንደሚያናግሩት እንኳ ረስቻለሁ፤ የማወራው ከመንገደኛ ጋር "ቀበቶዎን ያውልቁ" እያልኩ ብቻ ነው።

ካንቲን ገባሁ። ክፍሌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ ትሪዬን ፊት ለፊቱ አስቀምጬ ለምን እንደተቃወመኝ ጠየቅኩት። እሑድ እናገራለሁ አለ። አሁን ንገረኝ፣ እዚሁ፣ ሁሉንም፣ አልኩት። ትንሽ አየኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

ተናገረ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነገር። ታናሽ ወንድሙ መምህር ነበር። ከምርጫው በኋላ ከቤቱ ወሰዱት፣ ከሰሱት። በቀጠሮው ቀን ሁሉ ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ ማስረጃ አልተሟላልንም፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠን ይላል፤ ይሰጠዋል። እናትየዋ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ይውላሉ። ከዚያ አንድ ቀን "ክሱ ተነስቶልሃል፣ ውጣ" ተባለ። ለምን ተከሰሰ፣ ለምን ተነሳ፣ የነገራቸው የለም። ሰፈሩ ምረውት ነው፣ ባያጠፋ ምን ያስምረዋል አለ። ትምህርት ቤቱም አልመለሰውም።

እኔ አንድም ቦታ ላይ አላቋረጥኩትም። ይክሰሰኝ አልኩ። እስከከሰሰኝ ድረስ ስልኩን አያነሳም።

ከዚያ ይህን አለ፦ "እናቴ እስካሁን ትጠይቀኛለች። በደወልኩ ቁጥር 'ልጄን ምረውት ነው ወይስ ነጻ ነው?' ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ። እርስዎ ግን ያውቃሉ። ይንገሩኝና አሁን ደውዬ ልንገራት።"

አውቃለሁ። የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ብነግረው ስልኩን አንስቶ ይደውልላቸዋል፤ የሚያነሳለት ደግሞ ልቅሶ ላይ ያለ ሰው ነው። ሳንድዊቼን አየሁ፣ ግድግዳውን አየሁ። ጉዳዩን አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት።

ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ጠላቴም አይሳቅብኝ። "ዛሬም ቀጠሮ ይሰጠን ነው የሚሉት?" አለና ተነሳ። ብሬኩ አልቆ ነበር፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

አልሰማም። ተሳክቶልኛል። እንዲህ ያለ መሳካት ገደል ይግባ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ጋሽ ታደሰ ነይ ባይሉኝ አልሄድም ነበር። በመጀመሪያው አውቶቡስ ክፍሌ የሚኖርበት ሼፈርድስ ቡሽ ደረስኩ። ገበያው ገና አልተከፈተም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደረጃውን ወጣን፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ጋሽ ታደሰ አንኳኩ። ክፍሌ ራሱ ከፈተ፣ በቁምጣ። በዚያ ማለዳ ያን ሁሉ ነጠላ ሲያይ ማን ይነገረኝ ይላል? አንድ በአንድ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ከትናንት ጀምሮ እንደማውቅ ያኔ ገባው። ከዚያ "እናቴን!" ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ወንዶቹ ያዙት።

እኔ ገብቼ ልይዘው አልደፈርኩም። ደረጃው ላይ ቀርቼ አለቀስኩ። የራሴን እናት ሞት የሰማሁት በስልክ ነው፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ብቻዬን። መርዶ የሚያረዳኝ ሰው እዚህ አገር አልነበረኝም።

የእሑዱ ጉባኤ ቀርቷል፤ እድሩ በሙሉ ልቅሶ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ከሥራ በፊት ሄጄ ብርጭቆ አጠብኩ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ለእንግዳ እንደሚለቀቅ ዓይነት። አንዷ "ያቺ ናት" ስትል ሰምቻለሁ። ጎረቤት እንግሊዛዊቷ ወተት ይዛ መጥታ በሩ ላይ ግራ ገብቷት ስትቆም ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቤት ካወራሁት ሰው ሁሉ ረጅሙን ያወራሁት ከእሷ ጋር ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው የሰሞኑ ምርጫ ላይ የማስበውን ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ምርጫ ስትል ወተቱን ተቀብያት ወጥ ቤት ገባሁ።

ክፍሌ ፍራሽ ላይ ነው። ወደ እኔ አላየም። ነገ አልሄድም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ሄድኩ።

ሣልስቱ ስለሆነ ቤቱ ሞልቷል። ድስት እያጠብኩ ሳለሁ ክፍሌ ወጥ ቤት ገባ። ጢሙ አድጓል፣ ድምፁ ተዘግቷል። ሴቶቹ አዩን፤ አንድ በአንድ ሥራ ፈልገው ወጡ። በሩን ገፋ አደረገው።

"ረቡዕ ዕለት መልሱን ያውቁት ነበር?"

"አውቀው ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

"ብነግርህ ትደውልላቸው ነበር።"

የቧንቧውን ውኃ ዘጋው፤ እኔ ክፍት መተዌን አላየሁም። "አሁን ይንገሩኝ" አለ።

ነገርኩት። እጄ ላይ ሳሙናው እንዳለ። ምሕረትም ይቅርታም የሚባለው ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ነው፤ ወንድምህን ጥፋተኛ ያለው ፍርድ ቤት የለም። ማንም አልማረውም። የከሰሰው ቢሮ ራሱ ክሱን ተወው፣ ያ ነው ክስ ማንሳት። ነጻ ነው ብሎ የፈረደለትም የለም፤ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም፣ በሕጉ መልሰው ሊከሱት ይችሉ ነበር። ግን ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ነው፤ ለማንም ምስጋና የለበትም፣ አልኩት። በችሎት የተናገርኩት ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አልከበደኝም።

 ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ጋ ደወለ፣ ለእኔ ሰጠኝ። "እትዬ አስቴር፣ ለእሱም ይንገሩት" አለኝ።

ለወንድምየውም እንደገና አልኩት። ከበስተኋላው የድንኳን ጫጫታ ይሰማል። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና "ይኼን ያህል ቀላል ከሆነ ያኔ ለምን አልነገሩንም?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም። የእኔ ፋይል አልነበረም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት።

ክፍሌ ስልኩን ተቀብሎ ወጣ። አላመሰገነኝም፣ አልወቀሰኝም። ድስቱን አጥቤ ጨረስኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 12

ጰራቅሊጦስ። ሥራ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሻንጣ፣ ሻንጣ፣ ሻንጣ። አንዲት አሮጊት ሻንጣቸው ውስጥ ስላለው በርበሬ ሲጣሉኝ ቆዩ፤ በአማርኛ ሳናግራቸው አቅፈው ሳሙኝ። ከአሮጊቷ በቀር ዛሬ የነካኝ ሰው የለም።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ዛሬ የሰኔ ጾም ገባ። ጋሽ ታደሰ ደወሉ፤ ዛሬ ስለ ዝናብ አላወሩም። ትናንት ማታ ልቅሶ ቤት ክፍሌ ጠርቷቸው ተቃውሞውን አንስቷል። ጉባኤ መቅረብ አያስፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ እድርተኛ ነኝ።

ምን ብሎ አነሳው አልኳቸው።

"ምንም አላለም። አንስቻለሁ ብቻ ነው ያለው።"

ምክንያቱንስ አልጠየቁትም? አልኩ።

"ኧረ አስቴር! ደስ ይበልሽ እንጂ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

አመሰገንኳቸው፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ደስ ብሎኛል። ለእህቴም ሐዋሳ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ እልል ብላልኛለች። ሞቼ ብገኝ ከአሁን በኋላ የሚያነሳኝ፣ ፍታት የሚያስደርግልኝ ሰው አለ፤ ይህንን ነበር የፈለግኩት። ክፍሌን ግን ልጠይቀው አልችልም። አሁን ሐዘን ላይ ነው፤ ሐዘኑ ሲወጣም የምደፍር አይመስለኝም። ሳላውቅ እኖራለሁ። እናቱ በደወለላቸው ቁጥር ልጃቸውን ለምን ያንኑ ነገር ይጠይቁት እንደነበር ዛሬ ገባኝ።