ጠይቆ መሄድን እምቢ ያሉት የእትዬ ቀስ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ቀስ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1951 ዓ.ም. ከስፌት ቤቱ በስተኋላ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም ነበር። ሰው በተጣደፈ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለሚሉ ግን ይኸኛው ጸናባቸው፤ ያኛው መታወቂያቸው ላይ ቀረ።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ማለዳ ማለዳ ሆዳቸውን ያማቸው ነበር። እናታቸው የጉሎ ዘይት አጠጧቸው፤ ዘይቱ የራሱን ሥራ ሠራ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀም። ቅዳሜና እሁድ ስለማያማቸው አባታቸው «ይቺን ስንፍና ነው የያዛት» ብለው ፈረዱ። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጡ ፍርዱ ያለ ይቅርታ ተነሣ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪያቸው በር አጠገብ አስቀመጧቸውና «ሲጨንቅሽ ውጪ፣ ሲለቅሽ ግቢ፣ እኔን አታስፈቅጂ» አሏቸው። ሁለት ጊዜ ወጡ። ከዚያ ወዲያ መውጣት አላስፈለጋቸውም።

በ1970 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ተቀጠሩ፤ ሃያ አንድ ዓመት አገለገሉ። ክሊኒኩ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛንና አልዘጋ ያለ ቁም ሣጥን ነበረው። ፈተና ሲቃረብ ራሱን የሚያመውና ሆዱን የሚቆርጠው ይበዛል። «የሚመጡት ያው ልጆች፣ ይዘው የሚሄዱት ያው ክኒን» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው እንደሚናገሩት፣ በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር «ምን ሆነሃል?» ተብለው «ምንም» ብለው ያመለጡበት ቀን የለም።

በአርባ አንድ ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የክፍል ጓደኞቻቸው «እማማ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ፈተና ሲደርስ ማስታወሻ የሚለምኑት ግን እማማን ነው። በ2003 ዓ.ም. በሕፃናት የአእምሮ ጤና የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ጎረቤት ይህን ሰምቶ ጉልበቱን ሊያሳያቸው መጣ፤ እሳቸውም ከነርስነት ዘመናቸው የተረፋቸውን ያህል አዩለት።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ቀሪ ዕድሜያቸውን የወሰደው አንድ ሥራ ነው። በአርባ ትምህርት ቤቶች ጭንቀት የበረታባቸውን ልጆች በመጠይቅ መለየት፣ ለተለዩትም በሠለጠኑ አስተማሪዎች አማካይነት ስምንት ሳምንት ድጋፍ መስጠት፤ ዕጣ የወጣላቸው ሃያ ትምህርት ቤቶች ዘንድሮ፣ የቀሩት ሃያ በዓመቱ፤ ከዚያ ሁለቱን ማነጻጸር። «ዕጣው ለምን? ለሁሉም አይሰጥም?» ለሚሏቸው «ይጥቀም አይጥቀም ሳናውቅ ነው የምንሰጠው? የጉሎ ዘይት ጠጥቼ አድጌያለሁ» ይሏቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መጠይቁ በአንድ ስድስተኛ ክፍል ተሞከረ። ሃያ ጥያቄ ነበረው። አስተማሪው ወረቀቱን አድለው በመደዳዎቹ መሃል እየተንጎራደዱ «እንዳትኮራረጁ» አሉ። ልጆቹም ይህን ሲሰሙ ፈተና መሆኑ ገባቸውና ተኮራረጁ። ፊት ለፊት የምትቀመጠው ጎበዝ ተማሪ ሃያውንም «በፍጹም» ብላ ሞላች፤ መልሱ ከእሷ ተነሥቶ እስከ ኋላ ወንበር ተዳረሰ። ሃምሳ ሁለት ልጆች፣ አንድም የሚጨነቅ የለም። ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ ጠየቁ።

እትዬ ቀስ ጎበዟን ተማሪ ለብቻዋ አነጋገሯት። በየማለዳው እንደምታስመልስ፣ ፈተና ሲኖር እንደማትተኛ፣ «በፍጹም» ያለችው ማርክ እንዳይቀነስባት መሆኑን ነገረቻቸው። ቀጥላም «ታዲያ አሁን ምን ታደርጉልኛላችሁ?» አለቻቸው። በዚያን ጊዜ የሠለጠነ አስተማሪም ሆነ የተመደበ አማካሪ አልነበረም፤ የተገኘው ፈቃድ ለመጠይቁ ሙከራ ብቻ ነበር። እንድትጠብቅ ነገሯት። አማካሪ እያፈላለጉ ሳለ ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ሳትደርስ ትምህርቷን ተወች። እትዬ ቀስ ይህንን ለቤተሰባቸው የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ጠይቀናት ሄድን» አሉ።

ከዚያ በኋላ መጠይቁ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው እየተነበበ እንዲሞላ አደረጉ። በዕቅዱ ላይም አንድ አንቀጽ ጨመሩ፦ ክፉኛ የተጨነቀ ልጅ ከተገኘ፣ ትምህርት ቤቱ ተራ ጠባቂም ቢሆን ልጁ በዚያው ቀን ሰው ያገኛል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ለልጁ መታሰቡን ወደደው፤ አንቀጹን ግን አልወደደውም። ሰብሳቢው «ዶክተር፣ ተራ ጠባቂዎቹንም ከረዳን ምኑን ከምኑ እናነጻጽራለን?» አሏቸው። እሳቸውም «ትምህርት ቤቱ ይጠብቅ። ጠይቀን ያስለቀስነውን ልጅ ግን አናስጠብቅም» አሉ። አንቀጹ ይውጣ ተባለ፤ አላወጡም። ዕቅዱ አሥራ አራት ጊዜ ተጻፈ። ሦስት ሰብሳቢዎች ጡረታ ወጡ፤ አራተኛው ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምር አሉ። እትዬ ቀስም ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በኩላሊት ሕመም በሳምንት ሦስት ቀን ወደ እጥበት ይመላለሱ ነበር፤ ረቂቁንም ይዘው ይሄዱ ነበር። ነርሷ «እማማ፣ እዚህ እንኳን ይረፉ እንጂ» ስትላቸው «አንቺ እጄን ነው ያሰርሽው፣ ዓይኔን ምን አደረግሽው?» ይሏት ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን ዓይናቸውም ደከመ፤ ልጃቸው ታነብላቸው ጀመር። «ይበቃል እማ፣ አንቀጹን ተዪላቸውና ይጀመር» ያለቻቸው ጊዜም ነበር። «ደክሞኛል» አሉ፤ «ግን አይወጣም።»

የኮሚቴው ፈቃድ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከነአንቀጹ መጣ። ልጃቸው ስታነብላቸው ደስ አለኝም አላሉም፤ መጠይቁ በሚጀመርበት ሰኞ በየትምህርት ቤቱ የሚገኙት ሁለት ሁለት አስተማሪዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቁ። የሰማንያዎቹም ስም እስኪነገራቸው አላረፉም። ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ እህታቸውና ሁለት ታናናሾቻቸው ቀርተዋል።

ለሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ልመና አለን። መጠይቁ የሚጀመረው የፊታችን ሰኞ ነው። ሰኞ ማናችሁም ለማስተዛዘን ወደ ቤታችን እንዳትመጡ፤ በየተመደባችሁበት ክፍል ተገኙ። ኀዘናችን የትም አይሄድም፤ ማክሰኞም ያገኛችኋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ሳያስጠብቅ ይቀበላት።