ሲያወልቁ የሚያያቸው ያጡት የሲስተር ሉሴአኔ ሐቬአ ሕይወት

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ከሟቿ በቀር የጠየቀኝ ሰው የለም። ፓስተሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሄዱ፤ የጤና ሰዎቹም ከዋናው ደሴት ጸሐፊ እናስመጣ አሉ። «ቶአካሴማ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ምን ብላ ትጽፋለች?» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከመዝሙር መጽሐፍ ነው። ነገር ግን የሟቿ አባት ታላቅ እህት እኔ ነኝ። በእኛ ለቅሶ ከሬሳው ራስጌ የምትቀመጠው፣ ቃሏም የማይታጠፈው የአባት እህት ናት። ራስጌውን የዘንድሮው ተላላፊ ትኩሳት ከልክሎኛል፤ ቃሉን ግን የሚከለክለኝ የለም። ስለዚህ እንደተራራቃችሁ ሆናችሁ ስሙ።

ሲስተር ሉሴአኔ ሐቬአ ከአባታቸው ከአቶ ሊሲአቴ ሐቬአና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚሊካ እ.ኤ.አ. በ1974 በፋሌማማሆ መንደር ተወለዱ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ ግን አንቱ ይባላሉ፣ ሥራቸው ነው ያስባላቸው። በልጅነታቸው ከእኔ ጋር የዛፍ ልጣጭ ቀጥቅጠው ጨርቅ ሲሠሩ፣ ጨርቁን የምንቀባበት ቡናማ ቀለም ከጥፍራቸው ሥር አልለቅ ብሎ ያለቅሱ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን፣ የሁለተኛ ደረጃውን በዋና ከተማችን በኑኩአሎፋ ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1996 በነርስነት ተመረቁ። በ1999 ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ሲታኒ ጋር ትዳር መሥርተው ሂቫ የምትባል ልጅ ወለዱ። ሲታኒ ዝምተኛ ሰው ነው። በደግ አኑሯቸዋል፤ ከዚህ በላይ አልጨምርለትም።

በወሊድ ክፍል ሲሠሩ አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለች እናት በወሊድ ትኩሳት ሞተችባቸው። ትኩሳቱን ከአንዷ አልጋ ወደ ሌላዋ ያሻገረው የነርስ እጅ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ አልታወቀም። «አክስቴ፣ የእኔም ሊሆን ይችላል» ብለውኛል። ያ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ አልተለያቸውም። ባሕር ተሻግረው ሱቫ ከተማ ሄደው ኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠርን ተማሩ። ተመልሰውም በጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞሩ ሐኪሙንም፣ ነርሱንም፣ ወለል አጣቢውንም ሲያሠለጥኑ ኖሩ።

ሠልጣኞቹን ዐይናቸውን በጨርቅ አስረው፣ ከእኔ ቤት የወሰዱትን የልጣጭ ቀለም እጃቸው ላይ ያፈሱና «ሳሙና ነው ብላችሁ ታጠቡበት» ይሉ ነበር። ጨርቁ ሲፈታ ቀለም ያልነካው አውራ ጣትና የጣቶች መሐል ፍንትው ብሎ ይታያል። «ይኸው፣ የሚደበቀው እዚህ ነው» ይላሉ። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም። ገበያ ላይ ቡናማ እጅ ያላት ነርስ ስትታይ ሴቶቹ «አንቺንም ሉሴአኔ አገኘችሽ?» እያሉ ይሥቁባት ነበር።

ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩት ግን የመከላከያ ልብሱን ማውለቅን ነው። «ስትለብሱት ንጹሕ ነው፤ ስታወልቁት ሞት ተለጥፎበታል። ማንም ብቻውን አያወልቅ። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው እያየ ቅደም ተከተሉን ይጥራለት።» የሚያየው ሰው ዐይኑን መንቀል የለበትም። የሚያወልቀው ሰው እጁን ወደ ገጹ ከሰደደ «ቁም» ማለት የእሱ ድርሻ ነው።

ካሠለጠኗቸው አንዱ የሌላው፣ ቀደም ብሎ የሞተው ታናሽ ወንድሜ ልጅ ኢኖኬ ነው። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው። ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ በኋላ ተፋፍረው ይኖራሉ፤ እህት ልብሷን ስታላላ ወንድም ከክፍሉ ይወጣል፣ መውጣት ካልቻለ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ኢኖኬ በትምህርቱ ሰዓት በሩ ሥር ይቀመጥ ነበር። ሲስተር ሉሴአኔም በስሙ አይጠሩትም። «ያንን በሩ ሥር ያለውን ረጅም ሰውዬ ጓንቱ ተቀዷል በሉት» ይላሉ፣ ክፍሉ በሣቅ ይፈርሳል። ያኔ ያሥቅ ነበር።

ዘንድሮ ከዝናቡ ወራት በኋላ ትኩሳቱ ከመርከብ ወረደ። የድሮው የኮኮናት መጋዘን የሕሙማን ማቆያ ሆነ። መጀመሪያ የሞቱትን ሽማግሌ ዘመዶቻቸው እንደ ወጋችን ግንባራቸውን ስመው ተሰናበቱ፤ ከሳሙት ብዙዎቹ ተከተሏቸው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ቤት ሳል ሲሰማ ጎረቤት በሩን ይዘጋል። እኔም ሌሊት ግንባሬን በእጄ እየዳሰስኩ ነው የማድረው።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሲያወልቁ የምታያቸው ነርስ ታማ ቀረች። የተገኘው ኢኖኬ ብቻ ነበር። ሲስተር ሉሴአኔ በላብ ተነክረው ከሕሙማኑ ዘንድ ወጡ። ልብሱን መፍታት ሲጀምሩ ኢኖኬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቅደም ተከተሉን በቃሉ ለግድግዳው ጠራ። እሳቸውም ዙርና እየኝ አላሉትም፤ አፈሩ። መነጽሩ ሲነሣ ላቡ ዐይናቸው ውስጥ ገባ። እጃቸው ሄዶ ጠረገው። የውስጠኛው ጓንት ገና አልወለቀም ነበር። ቁሚ ያላቸው የለም።

ይህን ከታመሙ በኋላ በመስኮት ነገሩኝ፤ እኔ ከውጭ፣ እሳቸው ከመስታወቱ ወዲያ።

«አክስቴ፣ ታሪኬን እርስዎ ይጻፉት። ሌላው ደግ ነበረች ብሎ ያልፈዋል።»

«ምን ደግ ነበርሽ፣ በሄድኩበት እጅሽን ታጠቢ እያልሽ ስታባርሪኝ ኖረሽ» አልኩ። ለመሣቅ ሞክረው ሳል ቀደማቸው።

«ትምህርቱ ከዳት እንዳይሉ። የት ላይ እንደሳትኩ ይንገሯቸው። ኢኖኬን ደግሞ…» ብለው አልጨረሱትም።

ግንቦት 19 ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ሣጥኑ ታሽጓል። እኔ የአባት እህት ሆኜ ግንባራቸውን አልሳምኩም። እኔ ካልሳምኩ የሚስም አይኖርም።

ባለቤታቸው ሲታኒ፣ ልጃቸው ሂቫ፣ ቀድማ መሄድ የነበረባት እኔም ቀርተናል። ሰው ዘመዱን ሳይፈራ በሚስምበት አገር ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።

መጋዘኑ ውስጥ ግን ዛሬም የተኙ አሉ። ነርሶቹ «እሷን ያልማረ እኛን ሊምር ነው?» እያሉ እየቀሩ ነው። ያልቀሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ቀን አንዷ ሌሊት ስለሚገቡ ሲያወልቁ የሚያያቸው የለም። እነሱ ከወደቁ ቀጥሎ የምንገባው እኛ ነን፤ የሚያስታምመን ሳይኖር።

ኢኖኬ፣ አጥሩ ጥግ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀምጠሃል፤ አይቼሃለሁ። ያን ቀን ያዞረህ ወግ ነው። ወጉን የምታስርም የምትፈታም የአባትህ እህት ናት። በሰው ሁሉ ፊት ፈትቼልሃለሁ። ነገ ጠዋት መጋዘኑ ትገባለህ። ሴቶቹ ሲያወልቁ፣ እህትህ የሆነችም ያልሆነችም፣ ዐይንህን አትነቅልም። አሁን ተነሣ። ፊትህን ወደ ሣጥኑ አዙርና እያት።