ምሳ ያልበላው ሰይፈኛ

ሰማራንግ፣ መጋቢት 3 ቀን 1962 እ.ኤ.አ.
የጠዋት ሂሳብ፦ የሰይፈኛውን ታሪክ ሰባተኛ መጽሐፍ የተከራየ አሥራ አራት ሰው፤ ምሳ ሳይደርስ የመለሰው አሥራ አንድ።

ውድ ጋሽ ቲክ ሆ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሶሎ ከተማ ልጅዎ ጋ ከገቡ ወዲህ በመጽሐፍ ማከራያዬ ሰላም የለም። የቻይንኛ አስተማሪው መምህር ላው «ይህ ሁሉ ግብዣ ቻይንኛው መጽሐፍ ላይ የለም፤ ሰውዬው ከራሱ እየጨመረ ነው» ብለው በሰው ፊት ስላዋረዱዎ፣ እርስዎ ተቆጥተው ትርጉሙን ተዉት። አሳታሚው ሰባተኛውን ለወጣቱ ለሆክ ጂን ሰጠው። እሱ ደግሞ ቻይንኛው ያለውን ብቻ ነው የሚለው፤ አንዲት ቃል አይጨምርም።

የሆነውን ልንገርዎ። እርስዎ በተረጎሟቸው ስድስት መጽሐፎች ከየውጊያው በፊት ዳክዬ ሲግጥ የኖረው ሰይፈኛ፣ በሰባተኛው ሻይ እንኳ አልቀመሰም። ተሳዳቢዋ እጮኛውም ዝም ብላለች።

ቶፉ የሚሸጡት እትዬ ኪም ኒዮ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት።

«ይቺ ልጅ እንዲህ ዝም የምትል ነበረች እንዴ? አንድ ነገር አድርገዋታል!»

«እትዬ፣ ተርጓሚው ተቀይሮ እኮ ነው።»

«ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?»

ሆክ ጂን ይህን ሰምቶ ትናንት አንድ ግብዣ ጽፎ አመጣልኝ፦ «ሩዝ በላ። ጠገበ።»

«አንተ፣ ይሄ ግብዣ ነው የበሽተኛ ካርድ?»

«እትዬ ስዊ ላን፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?» አለኝ። የምሩን ነው።

እርስዎንም ግን አላሞግስዎትም። በእርስዎ ውጊያ ማን ማንን እንደወጋ ስድስት መጽሐፍ ሙሉ አልገባኝም። በልጁ ትርጉም ሰይፉ የገባበት ጎድን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስቱ ደንበኞች መጽሐፉን ያልመለሱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ አሳታሚውን አነጋገርኩት። ስምንተኛውን፣ የመጨረሻውን፣ ለሁለታችሁ ሊሰጥ ተስማምቷል፤ ውጊያው የልጁ፣ ማዕዱና ስድቡ የእርስዎ። እስከ መጪው ቅዳሜ እሺ ካላሉ ልጁ ብቻውን ይጨርሰዋል። ያኔ ያቺ ልጅ አንዲት ስድብ ሳትሳደብ ትዳራለች። ይህን ችለው ያነቡታል?

መምህር ላው ደግሞ ስድስተኛውን እንደገና ተከራይተው ነበር። «ስህተት ልቆጥር ነው» ይላሉ። የዳክዬው ገጽ ግን በዘይት ጣት ተጨማልቆ ነው የተመለሰልኝ።

ሰኞ በመጀመሪያው ባቡር የስምንተኛውን ቻይንኛ መጽሐፍና ሆክ ጂንን ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ጋ ርቦት እንዲደርስ ቁርስ እንዳይበላ ነግሬዋለሁ።

አክባሪዎ
ስዊ ላን