ለእናቴ፦ ስለ እማማ ዘይነባ ግድግዳ

እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። መልስሽን አውቀዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የምትዪኝ። እዚህ ሳለሽ ራስሽ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደርሶ እንኳ ቃልሽ ያው ነበር፤ እዚያ ሄደሽ ትለወጫለሽ ብዬ አላስብም። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትሽን እንደ አቅማችን አውጥተናል። እማማ ዘይነባ ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ አሳርደው፣ ለብቻ ድስት ጥደው፣ እንደ ቤቱ ሰው ሲያስተናግዱ ዋሉ።

ቤታችን መብራት ገባ። አምፖሉ መጀመሪያ ቦግ ያለ ዕለት ሁላችን ስናጨበጭብ፣ እኔ ግን ነጠላሽን ወደ ዓይንሽ ስትጎትቺ ታየሽኝ። አባዬም ሳይታየው አልቀረም፤ በማግስቱ ከወፍራም ወረቀት ቆብ ሠርቶ አምፖሉን አለበሰው። ለማን ብለህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለልማድ ነው አለኝ። አይ አባዬ!

ያ ነጠላ አሁን እኔ ዘንድ ነው። እኛ ልጆችሽ የሕመምሽን ልክ የምናውቀው ከአፍሽ ሳይሆን ከእሱ ነበር። ግንባርሽ ላይ አንድ እጥፍ ከሆነ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ መንጫጫት ብቻ ነው የማይቻለው። ሁለት እጥፍ ከሆነ መስኮቱ ይዘጋል። ዓይንሽ ድረስ አራት እጥፍ ሆኖ ከወረደ ግን ቤቱ ሁሉ በጥፍሩ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አንዳችን ቀድመን ገብተን አይተንሽ፣ «ዛሬ ሁለት እጥፍ ናት» ብለን ለሌሎቹ እንናገር ነበር።

ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀልሽ። የሰው ዓይን ነው ተባለ። የአባዬ እህት እትዬ በላይነሽ ደግሞ ቁርጡን ተናገሩ፦ ፀሐይ ሲወጣ የሚነሳ፣ ሲመሽ የሚለቅ በሽታ የለም፤ ስንፍና ነው አሉ። ፀሐይ የምትፈራ ሴት ቤት አትይዝም፣ ወደ ወላጆቿ ትመለስ እያሉ አባዬን ጠዋት ማታ ወተወቱት። አባዬ ይወድሽ ነበር፤ ግን ሰው ነውና መወላወል ጀመረ። ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆነሽ ትሰሚያለሽ።

ይሉኝታሽ ግን ከሁሉም ባሰ። የእማማ ዘይነባ ግቢ ግድግዳ ከበራችን ትይዩ አይደል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መንገዳችን ማዶ። የሰፈራችን ሙስሊም ሴቶች ረመዳን ሳይገባ ግድግዳቸውን ኖራ ለመቀባት እንዴት እንደሚፎካከሩ ታውቂያለሽ። አንድ ዓመት ታመሽ ከርመሽ ነበርና እማማ ዘይነባ የአንቺን ልብ ላብራ ብለው ወደ እኛ በኩል ያለውን ደጋግመው ቀቡት። ወተት አስመሰሉት። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስታርፍበት፣ ነጸብራቁ ተመልሶ እኛ ቤት ጓዳ ድረስ ገባ። ከዚያ ነይ እዪልኝ ብለው ጠሩሽ።

ወጣሽ። ስጦታ ተሸፍኖ አይታይም ብለሽ ነው መቼም፣ ነጠላሽን ከግንባርሽ አውርደሽ ፊት ለፊት ቆምሽ። እንባሽ በሁለት ጉንጭሽ ወረደ። እጅሽ ይባረክ ዘይነባ፣ አልሻቸው። እሳቸው ደግሞ አቅፈውሽ አለቀሱ፤ ወላሂ እንዲህ ደስ የሚልሽ ከሆነማ በየዓመቱ እቀባልሻለሁ አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ! በየዓመቱ አንቺም ወጥተሽ ታለቅሻለሽ፣ እሳቸውም ይደሰታሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ ግን በሽታሽን መደበቅሽ ሳያንስ ትመርቂበት ነበር።

ሆስፒታል የሄድነውን ቀን ግን እስክሞት አልረሳውም። አባዬ አንድ ጊዜ ትታይልኝና ከዚያ እንወስናለን ብሎ ነው የወሰደሽ፤ ምን እንደሚወስን ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ዘይነባ ካልሄድኩ ብለው አብረውን ጋሪ ላይ ወጡ። ፈረንጁ ሐኪም የጨለመ ክፍል ውስጥ አስቀመጠሽ። ከፊትሽ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አምፖል ነበረ፤ በማዞሪያ ቀስ እያለ የሚደምቅ፣ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ። ጥቂት አደመቀውና ያማታል ወይ ብሎ በሚያስተረጉምለት ረዳቱ፣ በድሬሰሩ፣ አስጠየቀሽ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልሽ። ትንሽ ጨመረ። ደህና ነኝ። እንባሽ አገጭሽ ላይ ደርሷል እኮ እማዬ! ሐኪሙ ሳቀና፣ ከእንግዲህ እሷን አንጠይቅም፣ ዓይኗን እንጠይቃለን አለ።

ከዚያ ዝም ብሎ ዓይንሽን እያየ ለካ። ከኩራዝ እምብዛም በማይበልጥ ብርሃን ቅንድብሽ ይሰበሰባል፣ የዓይንሽ ቆብ ይርገበገባል፣ እንባሽ ይመጣል። ደጋግሞ ሞከረው፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አታለለሽ፤ ማዞሪያውን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል እንጂ ብርሃኑን አይጨምርም። ያኔ ዓይንሽ ንቅንቅ አላለም። የምታስመስል ብትሆን ኖሮ ድምፁን ስትሰማ ትጨፍን ነበር ብሎ ለአባዬ አስረዳው።

ጤነኛ ሰው ለማነጻጸሪያ ሲፈልግ እማማ ዘይነባን አንቺ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ሄደ። እሳቸው እቴ! ቁልጭ ቁልጭ እያሉ፣ አልቋል ወይስ ገና ነው ብለው ጠየቁ። ተነሥተው ከጎንሽ ቆሙና ሐኪሙ አንቺን እንደገና ለካሽ። ያን ጊዜ ነው ፊትሽን በቅርብ ያዩት። ሱብሃነላህ፣ ይሄ እንባ እኮ የኔ ግድግዳ እንባ ነው አሉ። አንቺ አሁንም፣ ኧረ የደስታ ነበር ዘይነባ፣ ሙች የደስታ ነበር! እያልሽ እየማልሽ ታለቅሻለሽ፣ እሳቸውም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እግርሽን ይዘው ያለቅሳሉ።

ሐኪሙ የራስ ምታቱ ስም ማይግሬን ነው አለን። ሌላው ሰው ልብስ የሚሰፋበት ብርሃን እሷን እንደ መርፌ ይወጋታል፣ አላስመሰለችም አለ። አባዬ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ቤት እንደ ደረስን ለእትዬ በላይነሽ የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስቴ የትም አትሄድም አላቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ወሬ በቤታችን አልተነሣም።

እማማ ዘይነባ በማግስቱ ግድግዳውን ጥቁር አረንጓዴ ቀቡት። ሰፈሩ ሁሉ ኖራ አለቀባት ወይ እያለ ሲስቅባቸው፣ አንቺን እንዳያሳቅቁ ብለው ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም።

እንግዲህ ዘንድሮ የሆነውን ልንገርሽ። ረመዳን ሲቃረብ እማማ ዘይነባ መጡ። እሷም የለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ ከመሞቴ በፊት ግድግዳዬን አንዴ ነጭ ሆኖ ልየው ወይ አሉኝ። እሰየው፣ እማዬም ትመርቅዎታለች አልኳቸው። ኖራው ተዘፈዘፈ። በዚያው ሰሞን የልጄ የሰላም አስተማሪ አስጠርቶኝ ነበር፤ ሰላም የልጅ ልጅሽ፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ ትተሻት የሄድሽው፣ አሁን ተማሪ ናት። ረፋድ ላይ ዴስክ ላይ ትደፋለች፣ ሰሌዳውን አታይም፣ ሰነፍ ናት አለኝ። ያምሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ደህና ነኝ አለችኝ። እኔም አመንኳት።

እማማ ዘይነባ ከግድግዳው ጥቂቱን ነጭ አድርገው ሳለ ሰላም ከቤት ወጣች። ፀሐይ ነበር። ልጅቷ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ በግድግዳው ጥግ ጥግ ስታልፍ አሮጊቷ አዩዋት። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። አገጯን ቀና አድርገው ዓይኗን አዩና፣ ያ ረብ፣ ተመልሳ መጣች አሉኝ። እኔ ከደጃፉ ወርጄ ልጄን ወደ ጥላ ሳብኳት። እሳቸው ግን አልቆሙም፤ ያንኑ ቀን በዚያ እርጅናቸው ነጩን በአረንጓዴ መልሰው ሸፈኑት።

ሰኞ ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን። ያ ሐኪም አገሩ ገብቷል፤ ያለው ግን ማንም ይሁን ማን፣ ያንቺን ዓይን እንደ ለኩት ልኩልኝ እላለሁ፤ ከዚያ አስተማሪውንም እናየዋለን። ልጄን ሰነፍ የሚላት ሰው ከኔ ጋር ነው ጉዱ። አንቺን የማስታውስሽ ሻማ በማብራት አይሆንም መቼም፣ አትወጂውም። ሁለተኛ ያምሻል ወይ ብዬ አልጠይቃትም። ያንቺን ሳላይ በቀረሁት ምትክ የእሷን ዓይን አያለሁ፤ ይህን ቃል ገብቼልሻለሁ።

ነጠላሽን ሰጥቻታለሁ። ማንም ሳያሳያት፣ ዛሬ ጠዋት አንድ እጥፍ አድርጋ ወጣች።

ልጅሽ አስቴር