የአባቴ ዊግና የታማሲን ግጥም

የካቲት 9
ዝናብ። ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ መጣሁ። ላቲን ላይ ሁለት ስሕተት። መምህሩ ሁሉም ሲወጣ አስቀሩኝና «ለእህትህ ሙሾ ጻፍላት፣ ሃያ ስንኝ» አሉኝ። ደግነታቸው ነው መሰለኝ። እራት ላይ ሠራተኛችን ዶርካስ ሳህን ስታነሳ ብቻ ነው ድምፅ የተሰማው። እህቴ ታማሲን በፈንጣጣ ከሞተች ዛሬ ሰባት ሳምንት።

የካቲት 12
ሦስት ስንኝ ሆነልኝ። መቃብር፣ ጥቁር ወንዝ፣ የምታለቅስ ጨረቃ… ታማሲን ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር።
ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?

የካቲት 16
ደብዳቤ መጣ። «ለክቡር ሚስተር ቲ. ፔንፎልድ» ይላል። እኛ ቤት በ«ቲ» የሚጀምር ስም ያለው ሰው… ከታማሲን በቀር የለም። ከፈትኩት።
ከቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሱቅ ያለው መጽሐፍ ሻጭ ነው፤ ሚስተር ትሪንደር። የሳቅ ግጥሞች ሰብስቦ ሊያትም ነው። «በኅዳር የላኩልኝ ግጥም ፊደል ለቃሚዎቼን በሳቅ ሥራ አስፈታ» ይላል። «በስምዎ ይውጣ ወይስ እንደ ብዙዎቹ ያለ ስም?» ግጥሙንም አብሮ ልኮታል።

የአባቴን ዊግ ነጥቆ ነፋስ ከወንዝ ጣለው፣
ዳክዬ አገኘችና ቤቴ ነው አለችው።
አባቴ ዳር ቆሞ ራሰ በራው በርዶት፣
«እመቤቴ» ይላል ባርኔጣ አንስቶላት።
እሷም መለሰችለት እንቁላሏን ታቅፋ፣
«ልጅ የያዘች እናት ከቤቷ አትገፋ።»

ለካ በኅዳር ልካው ነበር። ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ። የአባባ ዊግ አምና በሚያዝያ እውነትም ቴምዝ ወንዝ ገብቶ ቀርቷል። ሦስታችንም ጀልባ እየጠበቅን ነበር። ዳክዬ ግን አልነበረችም።

የካቲት 17
ለአባባ አሳየሁት። ባላሳየው ይሻል ነበር። ቆሞ አነበበ። እጁ ሳያውቀው ወደ አዲሱ ዊጉ ሄደ።
«ይኼ አይታተምም።»
«አባባ፣ ራሷ እኮ ናት የላከችው።»
«ሐዘን ላይ ተቀምጠን አገር ይሳቅብን? ያንተ ሙሾ የት ደረሰ? እሱን ለሰውዬው ውሰድለት።»
ስሟን አልጠራም። ከቀብሩ ወዲህ አንድም ቀን አልጠራም።
ማድ ቤት ገብቼ ለዶርካስ አነበብኩላት። ማንበብ አትችልም። «ባርኔጣ አንስተው ለዳክዬ… ጌታው እኮ ያደርጉታል» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

የካቲት 23
ሙሾዬ አለቀ። ትሪንደር ሱቅ ሄድኩ። ሁለቱንም ወረቀት ይዤ… ለምን ሁለቱንም? አባባ ያለው አንዱን ነው።
«ሚስተር ፔንፎልድ አባትህ ናቸው?» አለኝ ትሪንደር።
«አይደሉም። እህቴ ናት… ነበረች።»
መነጽሩን አወለቀ። «ሴት? እኔ እኮ ጡረታ የወጣ ወፍራም መኮንን ነበር የመሰለኝ። ነፍስ ይማር፣ ልጄ።»
በመጽሐፉ አንድ ባዶ ገጽ ብቻ ነው የቀረው። ሙሾዬን ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበ።
«ጥሩ ነው። ስንኙ ይገጥማል። እህትህ ረጅም ነበረች?»
«አጭር።»
«ምን ትወድ ነበር?»
«ኮምጣጤ የገባው ዓሣ። የሰው አረማመድ መኮረጅ። በቤተ ክርስቲያን እኔን ማሳቅ።»
«እዚህ ላይ አላየሁትም።»
የለም። ሃያ ስንኝ ሙሉ እሷ የለችም። በዳክዬዋ ውስጥ ግን አለች፤ ድምፅዋ እንኳ ይሰማኛል።
«የእኔ መጽሐፍ የሳቅ ነው» አለ። «ግን ገጹ ለሐዘን ይሁን ካልክ አልጨክንብህም። ምረጥ።»
ሙሾዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።
«ስሟን ላስገባ?»
አባባ ትዝ አለኝ። ፈራሁ። «ስም አይኑረው» አልኩ። «ያልታወቀ እጅ» ብሎ ጻፈበት።

መጋቢት 2
አባባ «ወሰድክለት?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። የቱን ብሎ አልጠየቀም።

መጋቢት 21
መጽሐፉ ወጥቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡና ቤት ገባሁ። ለአንባቢ የተቀመጠ አንድ ቅጂ አለ። የእሷ ግጥም የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሰው እንደ ልማዱ፣ ስም በሌለው ግጥም ሁሉ ሥር የገመተውን ስም በብዕር ጽፎበታል። ከእሷም ሥር አንዱ የሆነ ባላባት ስም አስፍሯል። ሌላው ሰርዞት የአንድ ቄስ ስም ጽፏል።
ቄስ…
ብዕሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ብድግ አድርጌ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰው አየኝ። አባባም እዚያ ይመጣል። ወጣሁ።
መጀመሪያ ስሟን የነፈግኳት እኔ ነኝ። አሁን ግጥሟን ቄስ ወሰደው።

መጋቢት 28
አባባ በቀትር ቤት መጣ። በቀትር ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።
«ቡና ቤት አንድ ሰውዬ አግዳሚ ላይ ወጥቶ ግጥም ያነባል» አለ። «ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። እኔም ሳቅሁ። ስለ ዊግ ነው፣ ሳቅሁ… ከዚያ ዳክዬዋ መጣች።»
ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።
«ማን ጻፈው ብለው ክርክር ያዙ። ቄስ ነው፣ ባላባት ነው። ተነሣሁ። ልጄ ናት አልኳቸው። ዊጉም የእኔ ነው።»
«ምን አሉ?»
«ማን ያምነኛል? ‹አይ ሽማግሌው፣ እኔም ዳክዬዋ ነኝ› አለኝ አንዱ። ዊጌን አውልቄ በራዬን አሳየኋቸው።»
አባባ። ሰው ፊት። ዊጉን።
«ያን ጊዜ ሰውዬው ከአግዳሚው ወርዶ ብዕር ሰጠኝ።» ጣቶቹን አሳየኝ፤ ቀለም በቀለም። «ታማሲን ፔንፎልድ ብዬ ጻፍኩ። ቀለም ስለፈሰሰበት ‹ፔንፎልድ› ተበላሽቷል። ታማሲን ግን ይነበባል።»
«አባባ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት…»
«ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ና፣ ካፖርቴን አውልቅልኝ።»

ሚያዝያ 5
ከቤተ ክርስቲያን መልስ የታማሲንን መሳቢያ ከፈትን። አባባ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ለትሪንደር የሚሆነውን ለይቼ አስቀምጣለሁ። ዶርካስ በር ላይ ቆማ ድንች ትልጣለች። ስለ አክስታችን አፍንጫ አንድ ግጥም አገኘን፤ አይታተምም፣ አክስታችን ገና በሕይወት አለች። ስለ እኔ አራት። አራቱም የሚያሳፍሩ ናቸው። አባባ ሁለቱ ይታተሙ አለ።
አንዱ ላይ ቤት አልገጠመም። «እዚህ ላይ ታማሲን ሰንፋለች» አለ አባባ። «ሰው አቻኩሏት ይሆናል» አልኩ። «ታማሲንን ማን ያቻኩላታል?» አለና ወደሚቀጥለው ገለጠ።